ያልተጻፈው መስመር

በጆሃንስበርግ መሃል ከተማ፣ በካርታ ላይ ራሂማ ሙሳ በሚባለውና እኛ ሐበሾች ግን እስከ ዛሬ በድሮ ስሙ «ጄፒ» በምንለው ጎዳና፣ የወር መጨረሻ ቅዳሜ ከሌላው ቀን ሁሉ ይለያል። ደመወዝ ወጥቷል። ከከተማው ዳር ዳር፣ ከሊምፖፖ፣ አልፎም ከዚምባብዌና ከሞዛምቢክ የመጡ ቸርቻሪዎች ብርድ ልብስ፣ ጫማና መጋረጃ እያሳሰሩ ይገዛሉ። ከእነዚህ ቅዳሜዎች በአንዱ ከአንድ ወዳጄ ጋር ቡና እየጠጣን ሳለ ስልኩ ጮኸ። ወዳጄ ለሱቆች የሽያጭ ሶፍትዌር የሚጭንና የሚጠግን ባለሙያ ነው። የደወሉለት «ጋሼ» የሚላቸው ባለሱቅ ነበሩ፦ «ሲስተሙ ቆሟል፣ ቶሎ ድረስልኝ!»

ደረስን። ገዢው እስከ ደረጃው ድረስ ተሰልፏል። ወዳጄ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የሎግ ፋይሉን አወጣ። ሎግ ማለት ሶፍትዌሩ የሚያደርገውንና የሚገጥመውን ሁሉ ከነሰዓቱ፣ መስመር በመስመር የሚጽፍበት መዝገብ ነው። የዚያን ቀኑ መዝገብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መስመሮች ነበሩት። ሁሉን ለማንበብ ጊዜ አልነበረም። «ኤረር» የሚል ምልክት ያለባቸውን ብቻ ለቅሞ በስልኩ ላይ ላለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ሰጠውና «አሳጥረህ ንገረኝ» አለው። መልሱ በሰከንዶች ውስጥ መጣ፤ ከዳታቤዙ ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጧል፣ አገልግሎቱን አጥፍተህ አስነሣው። አጠፋ፣ አስነሣ፣ ሠራ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ እንደገና ቆመ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲቆም ወዳጄ ካርቶን ላይ ተቀመጠና መዝገቡን ከዓርብ ማታ ጀምሮ በዓይኑ ማንበብ ያዘ። ያገኘው አንድ መስመር ነው። «ኤረር» አይልም፤ «ማስጠንቀቂያ» ነው የሚለው፦ የዲስኩ ቦታ ሊያልቅ ነው። ዲስኩ ሲሞላ ዳታቤዙ መጻፍ አቃተው፤ መጻፍ ሲያቅተው ግንኙነቱን ዘጋ፤ ግንኙነቱ ሲዘጋ ኤረሩ እንደ ጎርፍ ወረደ። አሳጣሪው ፕሮግራም አልዋሸንም፤ የሰጠነውን አሳጠረልን። የችግሩን ምንጭ የያዘው መስመር ግን ገና ለፕሮግራሙ ሳይደርስ በእኛው እጅ ተጥሎ ነበር። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች እንደሚባለው ነው። መልሷ እውነት ነው፤ የተጠየቀችው ግን እሱን አልነበረም።

የእኔ ሙያ ኮምፒውተር አይደለም። በዚህ ከተማ የምማረው ንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ የተተረጎመውን፣ ያጠረውን፣ የተቀነሰውን ጽሑፍ ከዋናው ጋር እያስተያየሁ የጎደለውን መፈለግ የዕለት ሥራዬ ነው። ስለዚህ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ስሕተትን በችኮላ የሚያሳጥር ሰው ምን መጣል ይችላል? ምንስ መጣል አይገባውም? ጥያቄው የሱቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩበት ነበር። ታሪኩን ስከተለው ግን ሁላችንም ወደምናውቀው ቀን፣ ወደ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. አደረሰኝ።

ጉማጅ እንጨትና የእሳት እራት

«ሎግ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጉማጅ እንጨት ማለት ነው። የድሮ መርከበኞች ፍጥነታቸውን ለመለካት በየርቀቱ የተቋጠረ ገመድ የታሰረበት እንጨት ወደ ባሕር ይጥሉና በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ስንት ቋጠሮ ከእጃቸው እንደ ወጣ ይቆጥሩ ነበር። ዛሬም የመርከብና የአውሮፕላን ፍጥነት «ኖት» ማለትም ቋጠሮ በሚባል መለኪያ የሚነገረው ከዚህ የተነሣ ነው። ቁጥሩን፣ ነፋሱን፣ አቅጣጫውንና የገጠማቸውን ሁሉ የሚጽፉበት ደብተርም የሎግ ደብተር ተባለ። መሬት በማይታይበት ባሕር ላይ መርከቡ የት እንዳለ የሚሰላው ከዚያ ደብተር ነው። የዛሬው ካልተጻፈ የነገው ስሌት ይዛባል።

ደብተሩ ከመርከብ ወደ ኮምፒውተር ክፍልም ገባ። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ «ማርክ 2» የተባለው ግዙፍ የሒሳብ ማሽን ሲበላሽ፣ ምክንያቱን የሚፈልጉት ሠራተኞች በአንድ ሪሌ ውስጥ የእሳት እራት አገኙ። በማሽኑ የሎግ ደብተር ላይ ሰዓቱን፣ ፓነሉንና የሪሌውን ቁጥር ጻፉ፤ እራቷንም በፕላስተር ገጹ ላይ ለጠፏት። መሐንዲሶች ብልሽትን «ባግ»፣ ተባይ፣ ማለት ከጀመሩ ቆይተው ስለነበር፣ ተባይ በእውን የተገኘበት የመጀመሪያው ጉዳይ ይህ ነው ብለው ቀልድ ጨመሩበት። ገጹ ዛሬ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል። ይህ ታሪክ ሲተረክ ሰው የሚስቀው በቀልዱ ነው። እኔን የሚያስገርመኝ ሌላ ነገር ነው፤ ድምዳሜውና ማስረጃው አንድ ገጽ ላይ መሆናቸው። የጻፉትን የሚጠራጠር ሰው እራቷን ማየት ይችላል።

ማሽኖች ሲበዙ መዝገቡን የሚጽፉት ራሳቸው ማሽኖቹ ሆኑ፤ ጽሑፉም ሰው ሊያነበው ከሚችለው በላይ ሆነ። በ1980ዎቹ በካሊፎርኒያ በርክሌይ፣ «ሴንድሜይል» የተባለውን የኢሜይል ሶፍትዌር የጻፈው ኤሪክ ኦልማን «ሲስሎግ» የሚባል የመዝገብ ሥርዓት አብሮ ሠራ። ሥርዓቱ ከዚያ ወዲህ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የተለመደ ሆነ። በሲስሎግ መልእክቶች እንደ ክብደታቸው ስምንት ደረጃ አላቸው። 0 ሲስተሙ ጨርሶ የማይሠራበት ድንገተኛ አደጋ ነው፤ 3 ኤረር፣ 4 ማስጠንቀቂያ፤ 7 ፕሮግራመሩ ለራሱ የሚጽፈው ጥቃቅን ነገር። የበዛውን ለማበጠር ጥሩ ወንፊት ነው። ነገር ግን ደረጃውን የሚሰጠው ሶፍትዌሩን የሚጽፈው ሰው ነው፤ ያውም ችግሩ ከመድረሱ ከወራት ወይም ከዓመታት በፊት፣ ቢሮው ቁጭ ብሎ። ቅዳሜ በጄፒ ምን እንደሚከብድ ያ ሰው አያውቅም። የእኛ መስመር ደረጃው 4 ነበር። እኛ ደግሞ 3ንና ከ3 በታች ያለውን ቁጥር ብቻ አነበብን።

ስንክሳር ገድልን አይሽርም

ማሳጠር ለእኛ ሥነ ጽሑፍ እንግዳ አይደለም። የአንድ ጻድቅ ገድል ብራና በብራና ተደርቦ የሚጻፍ ረጅም መጽሐፍ ሊሆን ይችላል፤ ስንክሳር ግን ያንኑ ሕይወት በዕለቱ፣ በቅዳሴ ሰዓት ሊነበብ በሚችል መጠን አሳጥሮ ያቀርበውና በ«ሰላም» ይዘጋዋል። መጽሐፉ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ከተመለሰ በኋላ የኢትዮጵያ ቅዱሳን ታሪክ እየታከለበት አድጓል። ዓመቱን ሙሉ፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን፣ ቀን በቀን የተደራጀ ነው። በነገሥታቱ ታሪክም እንዲሁ፣ ከሰፋፊዎቹ ዜና መዋዕሎች ጎን የብዙ ነገሥታትን ዘመን ባጭሩ የሚያወሱ ታሪከ ነገሥት ተጽፈዋል።

በዚህ ልማድ ውስጥ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ ስንክሳር ተነበበ ተብሎ ገድል አይጣልም። ገድሉ በገዳሙ ዕቃ ቤት አለ፤ በበዓሉ ቀን ይወጣል፤ የፈለገ ሄዶ ያነባል። ሁለተኛ፣ አጭሩ ጽሑፍ በቀንና በስም ስለ ተደራጀ ወደ ረጅሙ የሚያደርሰውን መንገድ ያሳያል። ስንክሳር የሚሰማ ምእመን የሰማው የጻድቁ ሕይወት ሙሉ በሙሉ እንዳልሆነ ያውቃል። አደጋው የሚጀምረው አጭሩን የሚሰማ ሰው ረጅም የሚባል ነገር መኖሩን ሲረሳ፣ ወይም አሳጣሪው ወደዚያ የሚወስደውን ዱካ ሲያጠፋ ነው።

ደወል ሲበዛ

ስሕተትን አሳጥሮ ለሰው የማቅረብ ጥበብ ሰከንድ ዋጋ ባለው ቦታ ሁለት ጊዜ በግልጽ ተፈትኗል፤ አንዴ አልፏል፣ አንዴ ወድቋል።

ያለፈው ጁላይ 20 ቀን 1969 እ.ኤ.አ. ነው። አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ ገጽ እየወረደ ሳለ ኮምፒውተሩ አራት አሃዝ አሳየ፦ 1202። ጠፈርተኞቹ ትርጉሙን ጠየቁ። በሂዩስተን የ24 ዓመቱ ጃክ ጋርማን ጠረጴዛው ላይ በእጁ የጻፈው ዝርዝር ነበረው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በልምምድ ላይ በተመሳሳይ ደወል ምክንያት ማረፉ ያለ በቂ ምክንያት ተቋርጦ ስለነበር፣ የማንቂያ ኮዶቹን ሁሉ ከነሚወሰደው እርምጃ እንዲያጠና ታዝዞ ነበር። ዝርዝሩን አየ፤ ደወሉ በተከታታይ ካልተደጋገመ መቀጠል ይቻላል አለ። አረፉ። አራቱ አሃዝ የሠሩት አጭር ስለ ነበሩ ብቻ አይደለም። ከኋላቸው በሰላም ጊዜ ተቀምጦ ረጅሙን ያነበበ ሰው ስለ ነበረ ነው።

የወደቀው ማርች 28 ቀን 1979 እ.ኤ.አ. በፔንሲልቬንያ፣ በስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከመቶ በላይ ደወሎች አንድ ላይ ጮኹ፤ የትኛው ዋና የትኛው ተከታይ እንደሆነ የሚለይ አልነበረም። ማንቂያዎቹን በተራ የሚያትመው ማሽንም ከክስተቱ ከሁለት ሰዓት በላይ ወደ ኋላ ቀረ። ከሁሉም የከፋው አንዲት መብራት ነበረች። ቫልቩ ክፍት ሆኖ ውኃው እየፈሰሰ ሳለ መብራቷ ጠፍታ ነበርና ሠራተኞቹ ተዘግቷል ብለው አሰቡ። መብራቷ የምትናገረው ግን «ዝጋ ተብሎ ታዟል» የሚለውን ብቻ ነበር። ትእዛዙን እንደ ፍጻሜ አሳጥራ አቀረበችው።

ጃካርታ ላይ የተጻፈው

ኦክቶበር 28 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ማታ አንድ የላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ ከባሊ ደሴት፣ ከዴንፓሳር ወደ ጃካርታ በረረ። ክንፉ ከሚመጣው ነፋስ ጋር የሚፈጥረውን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች በአፍንጫው ግራና ቀኝ አሉ። የግራው ገና መቀየሩ ነበር፤ ተለዋጩ ግን በ21 ዲግሪ ያህል የተዛባ ነበር። አውሮፕላኑ እንደ ተነሣ የካፒቴኑ መሪ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ይህ «ልትወድቅ ነው» የሚል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር የዚያን አንድ ሴንሰር ቃል አምኖ አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋ ጀመር። አብራሪዎቹ የሶፍትዌሩን መኖር እንኳ አያውቁም ነበር። እንዲያም ሆኖ ኮክፒት ውስጥ በተጓዥነት በነበረ ሦስተኛ አብራሪ እርዳታ የጅራቱን ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ አጠፉና በእጃቸው እየመሩ ጃካርታ ደረሱ።

ካረፉ በኋላ ካፒቴኑ የአውሮፕላኑን የቴክኒክ መዝገብ ሞላ። የጻፈው ሁለት ነገር ነው፤ የፍጥነትና የከፍታ ንባቦች በግራና በቀኝ አለመስማማታቸውን፣ አንድ የግፊት መብራት መብራቱን። መሪው በረራውን ሙሉ መንቀጥቀጡን፣ አፍንጫው በራሱ እየወረደ ማብሪያ አጥፍተው መትረፋቸውን አልጻፈም። የጥገና ባለሙያው ያነበበውን ይዞ ሠራ፤ የአየር መለኪያ ቱቦዎችን አጸዳ፣ የኤሌክትሪክ ማገናኛ ጠረገ፣ ሞከረ፣ ደህና ነው ብሎ ፈረመ። በማግሥቱ ጠዋት ያው አውሮፕላን የበረራ ቁጥር 610 ሆኖ ተነሣ። ከ13 ደቂቃ ያህል በኋላ ጃቫ ባሕር ውስጥ ገባ። 189 ሰዎች ሞቱ።

የኢንዶኔዥያ መርማሪዎች ከአንድ ዓመት በኋላ ባወጡት የመጨረሻ ሪፖርት አደጋውን ያመጡ ዘጠኝ ምክንያቶችን ዘረዘሩ። የንድፉ፣ የሥልጠናውና የሴንሰሩ ችግር ከነዚያ ውስጥ ናቸው፤ ያልተጻፈው መስመርም እንዲሁ። በካፒቴኑ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ግን ሐሰት አልጻፈም። ዋና የመሰለውን መርጦ ጻፈ። ዋናው ምን እንደሆነ እንዲያውቅ ደግሞ የነገረው ሰው አልነበረም።

መጋቢት 1

ከዚህ ከተማ ወደ አዲስ አበባ የምንመላለስ ሁሉ ያን የሌሊት በረራ እናውቀዋለን። ሲነጋ ቦሌ ያወርደናል፤ ግማሹ ወደ ቤቱ፣ ግማሹ ወደ ሌላ በረራ ይሄዳል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት አቶ ተወልደ ገብረ ማርያም ለጋዜጠኞች ሲናገሩ፣ አደጋ የደረሰበት አውሮፕላን የዚያን ዕለት ጠዋት ከጆሃንስበርግ መምጣቱን፣ አዲስ አበባ ላይ ሦስት ሰዓት ያህል መቆየቱን፣ ምንም የቴክኒክ ችግር ሳይመዘገብበት መነሣቱን ገለጹ። መዝገቡ ንጹሕ ነበር። ከዚህ ያጠረ የሎግ ማጠቃለያ የለም፤ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው።

ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳት አብራሪው አሕመድኑር መሐመድ ከጠዋቱ 2፡38 ወደ ናይሮቢ ተነሡ። መጋቢት 26 ቀን ይፋ የሆነው የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት የበረራ መረጃ መቅጃውን ንባብ በሰከንድ ያስቀምጠዋል። አውሮፕላኑ መሬት እንደ ለቀቀ የግራው ሴንሰር 74.5 ዲግሪ አለ፤ የቀኙ ከ15.3 አላለፈም። የካፒቴኑ መሪ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የፍጥነቱና የከፍታው ንባብ ግራና ቀኝ ተለያየ። ዋናው የማስጠንቀቂያ መብራት በራ፤ ረዳቱ በመብራቱ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ፀረ በረዶ»።

ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር እዚህ ላይ እቆማለሁ። ችግሩ የግራው ሴንሰር ነው፤ የሴንሰሩ ማሞቂያ ንባብም አብሮ ተቀይሯል። ማሞቂያው በፓነሉ አከፋፈል ከፀረ በረዶ መሣሪያዎች ወገን ስለሆነ፣ ማሽኑ በጥንቃቄ የተመደበለትን ስም ተናገረ። ውሸት የለበትም፤ እናቴ ፈረስ ናት ነው። ሊነግር የሚገባውን አንድ ቃል ግን ሌላ መልእክት ይዞት ነበር፤ ሁለቱ ሴንሰሮች አልተስማሙም የሚል። ያ መልእክት በማክስ አውሮፕላኖች ሁሉ ላይ እንዲኖር ታስቦ ነበር። በሶፍትዌር ስሕተት ምክንያት ግን የሚሠራው ተጨማሪ መለኪያ በገዙ አየር መንገዶች አውሮፕላኖች ላይ ብቻ ሆነ። ቦይንግ በሜይ 2019 እ.ኤ.አ. እንዳመነው መሐንዲሶቹ ጉድለቱን ያዩት በ2017 ነበር። ለደኅንነት አያሰጋም ብለው ማረሚያውን ለሚቀጥለው የሶፍትዌር ማሻሻያ አቆዩት። በእኛ አውሮፕላን ላይ መልእክቱ አልታየም።

ያ መስመር ቢበራ ኖሮ 157ቱ ይተርፉ ነበር ብዬ አልከራከርም። አብራሪዎቹ ኤምካስ አፍንጫውን ሲደፍቅ የኤሌክትሪክ ማብሪያውን አጥፍተዋል፤ በከፍተኛው ፍጥነት ምክንያት ግን የእጅ ጎማው አልዞር አላቸው። ከተነሡ ስድስት ደቂቃ ያህል በኋላ፣ 2፡44 ላይ፣ አውሮፕላኑ ከቢሾፍቱ አጠገብ ቱሉ ፋራ ላይ ተከሰከሰ። የ35 አገሮች ሰዎች ነበሩበት። የምከራከረው በአንድ ነገር ላይ ነው። በእነዚያ ስድስት ደቂቃዎች ማሽኑ የሚያውቀውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ነገራቸው፤ መጀመሪያ ሊነገር የሚገባውን ግን አልነገራቸውም። ሁለት ሴንሰሮች እንደማይስማሙ የሚያውቅ መዝገብ በውስጡ ነበር። መርማሪዎች ፓሪስ አጠገብ ጥቁር ሳጥኑን ከፍተው አነበቡት። ለአብራሪዎቹ ግን አልደረሰም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ ይህንኑ ነጥብ አነሣ። የማክስ ንድፍ ሲገመገም ብዙ ደወሎች አንድ ላይ ሲጮኹ አብራሪዎች ምን እንደሚሆኑ በበቂ እንዳልታሰበ ገለጸ፤ ብልሽቶችን በቅደም ተከተል ለይቶ በግልጽ የሚያቀርብ የምርመራ መሣሪያ መስፈርት እንዲወጣ ጠየቀ። ማክስ በኖቬምበር 2020 እንደገና እንዲበር ሲፈቀድ ኤምካስ የሁለቱንም ሴንሰር ንባብ እንዲያስተያይ ተደርጎ ነበር፤ የቀረችው መልእክትም በሁሉም ላይ እንድትሠራ ሆነ።

አንድም

የመጨረሻው ሪፖርት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ወጣ። በዚህ ጊዜ ንባቡ ራሱ አከራከረ። የኢትዮጵያ መርማሪ ቢሮ ሴንሰሩ የተዛባው ከምርት ጥራት ጋር በተያያዘ የኤሌክትሪክ ችግር ነው አለ። የአሜሪካው ቦርድና የፈረንሳዩ ቢሮ ደግሞ መረጃው የሚያሳየው ሴንሰሩ በባዕድ ነገር፣ ምናልባትም በወፍ፣ መመታቱን ነው አሉ፤ የአብራሪዎቹ አሠራርም በበቂ አልታየም ሲሉ ተቹ። የኤምካስን ድርሻ ማናቸውም አልካዱም። አንድ መቅጃ፣ አንድ የቁጥር ዝርዝር፣ ሁለት ንባብ።

የአንድምታ ትርጓሜ ያደመጠ ሰው ለዚህ አዲስ አይሆንም። መምህሩ አንዱን ንባብ ይተረጉማል፤ ቀጥሎ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያመጣል። የመጀመሪያው አይሰረዝም፤ ሁለቱም ለተማሪው ይቀርቡለታል፤ እየመዘነ ያድጋል። የሚገርመው የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት 13ኛ አባሪም ተመሳሳይ ሥርዓት አለው። በምርመራው የተሳተፈ አገር ያቀረበው አስተያየት በሪፖርቱ ውስጥ ካልተካተተ፣ አገሩ ከጠየቀ አብሮ መታተም አለበት። የአሜሪካው ቦርድ እንደሚለው ግን ሪፖርቱ ያያያዘው የቦርዱን የቆየ አስተያየት የሚያሳይ አድራሻ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ቦርዱ የራሱን ለብቻ አሳተመ።

በዚህ ክርክር ልቤ ከማን ጋር እንደሆነ መደበቅ አልፈልግም። የሞቱት አብራሪዎች መልስ መስጠት አይችሉም፤ የአምራቹ ስም ደግሞ ብዙ ጠበቃ አለው። ይህ ስሜቴ ግን «አንድም» የሚለውን የመሰረዝ መብት አይሰጠኝም። ሁለቱን ንባቦች ጎን ለጎን ያስቀመጠ መዝገብ ነገ ለሚመጣ መርማሪ፣ ለሟች ቤተሰብም፣ አንዱን ብቻ ካስቀመጠው ይልቅ ይጠቅማል።

ጄፒ፣ ዳግመኛ

ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሎግ መስመሮችን የሚያሳጥረው ማሽን ነው። ጥቅሙን አልክድም፤ ሚሊዮን መስመር የሚያነብ ዓይን ያለው ሰው የለም። ማሽኑ የሚያመጣው አዲስ ፈተና ግን አለ። የድሮው መዝጋቢ ያላወቀውን ሲጽፍ አጻጻፉ ያስታውቅበት ነበር፤ ይሰርዛል፣ ይደልዛል፣ «ይመስላል» ይላል። ማሽኑ የጎደለበትንም የሞላለትንም በአንድ ዓይነት ንጹሕ ቋንቋ ያቀርባል። አንባቢው የት ላይ እንደሚጠራጠር ምልክት አያገኝም።

ወዳጄ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ማሽኑን አልተወም፤ የሚጠይቀውን ግን ቀየረ። አሁን ኤረሮቹን ብቻ ለቅሞ አይሰጠውም። ሁሉ ነገር ደህና ከነበረበት የመጨረሻ ሰዓት ጀምሮ ያለውን መዝገብ ይሰጠውና አራት ነገር ይጠይቃል። ከተለመደው የተለየው የመጀመሪያው መስመር የትኛው ነው? ምን ምክንያት ሊሆን ይችላል፣ ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል? እያንዳንዱ ድምዳሜ በየትኛው መስመር ቁጥር ላይ ይገኛል? ሳታየው የቀረህ ወይም የተውከው ምንድን ነው? ቁጥሩን ይዞ ደግሞ ዋናውን ፋይል ከፍቶ በዓይኑ ያያል። ስንክሳሩን ሰምቶ ገድሉን እንደሚያወጣ ሰው ማለት ነው።

ያን ቀን ማምሻውን ዲስኩን አጽድቶ፣ ሲስተሙ ተነሥቶ፣ ሰልፉ አልቆ ሳለ ባለሱቁ ለጥገና የሚይዙትን ትንሽ ደብተር አቀበሉት። «ምን እንደነበር ጻፍልኝ፣ ሌላ ቀን አንተ ባትኖር የሚመጣው ልጅ እንዲያውቀው» አሉት። ወዳጄ መጀመሪያ «ዳታቤዝ ተስተካክሏል» ብሎ ጻፈ። ቆም ብሎ አየውና ሰረዘው፤ ግን እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ብቻ ነው የሰረዘው። ከሥሩ እንዲህ ጻፈ፦ «ዲስክ ሞልቶ ቆመ። ማስጠንቀቂያው ዓርብ ማታ 5 ሰዓት ላይ ወጥቶ ነበር። ሁለት ጊዜ አስነሥቼ ሠራ፣ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ቆመ። ማስጠንቀቂያውን አላየሁትም ነበር።»

ጋሼ አነበቡትና ደብተሩን ከገንዘብ መያዣው አጠገብ አስቀመጡት።